የኡሁራ ወንበር፦ ኒሼል ኒኮልስና የ1977ቱ የናሳ ምልመላ

በ1973 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካው የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት በናሳ የእኩል የሥራ ዕድል ጉዳይ ይመለከታቸው የነበሩት ሩት ቤትስ ሃሪስ፣ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ለበላይ ኃላፊው አንድ ሪፖርት አቀረቡ። ሪፖርቱ ካነሣቸው ነጥቦች አንዱ ናሳ እስከዚያ ቀን ወደ ጠፈር የላካቸው እንስቶች ሦስት ብቻ መሆናቸው ነበር፤ ከእነዚህም ሁለቱ አራቤላና አኒታ የተባሉ ሸረሪቶች ሲሆኑ ሦስተኛዋ ሚስ ቤከር የተባለች ጦጣ ነበረች። ሃሪስ በዚያው ዓመት ከሥራ ተሰናበቱ፤ ጉዳዩ አደባባይ ወጥቶ ብዙ ካነጋገረ በኋላ በ1974 ተመልሰው ተቀጠሩ።

የሪፖርቱ ቃል የመረረ ቢሆንም ሐሰት አልነበረበትም። ናሳ ከ1959 ጀምሮ በሰባት ዙር የመረጣቸው 73 ጠፈርተኞች በሙሉ ነጭ ወንዶች ነበሩ። በጃንዋሪ 1978 መሥሪያ ቤቱ የስምንተኛውን ዙር ተመራጮች ሲያስታውቅ ግን በዝርዝሩ ላይ ከሰፈሩት 35 ሰዎች ስድስቱ ሴቶች፣ ሦስቱ ጥቁር አሜሪካውያን፣ አንዱ ደግሞ የእስያ ተወላጅ የሆነ አሜሪካዊ ነበሩ። በሪፖርቱና በዚህ ዝርዝር መካከል በተፈጸመው ነገር ውስጥ የአንዲት የቴሌቪዥን ተዋናይት እጅ አለበት። ድርሻዋ ምን ያህል እንደነበረና ያን ያህል ተሰሚነት ከየት እንዳገኘች ለማወቅ ግን ሕይወቷን ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል።

ኒሼል ኒኮልስ ዲሴምበር 28 ቀን 1932 ከቺካጎ በስተደቡብ በምትገኘው በሮቢንስ ተወለደች፤ ወላጆቿ ያወጡላት ስም ግሬስ ዴል ነበር። ሮቢንስ ጥቁር አሜሪካውያን ራሳቸው የሚያስተዳድሯት አነስተኛ ከተማ ስትሆን፣ አባቷም የፋብሪካ ሠራተኛ ሆነው ሳለ የከተማዋ ከንቲባ ለመሆን የበቁ ሰው ነበሩ። ይህ ጉዳይ ለታሪኩ ማሳመሪያ ያህል ተጠቅሶ የሚታለፍ አይመስለኝም። ጥቁር ሰው ትእዛዝ ሲቀበል እንጂ ሲሰጥ በማይታይባት በዚያ ዘመኗ አሜሪካ፣ አባቷ ከተማ ሲያስተዳድሩ እንደነበረ እየሰማች ያደገች ልጅ፣ ኋላ የመኮንን ልብስ ለብሳ በመርከብ ማዘዣ ክፍል ስትቀመጥ ወንበሩ የተገባት ሆኖ መታየቱ ድንገት የመጣ ነገር አይደለም።

በቺካጎ የባሌ ዳንስ ተማረች፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ከዝነኛው የጃዝ ሙዚቀኛ ከዱክ ኤሊንግተን ባንድ ጋር የመሥራት ዕድል አገኘች፤ ከሌላው የጃዝ ሙዚቀኛ ከላዮኔል ሃምፕተን ጋርም ዘፈነች። በ1950ዎቹ በየከተማው የምሽት ክበብ እየዞረች ትዘፍንና ትደንስ ነበር። ወደ ቴሌቪዥን የገባችው በ1964 ጂን ሮደንቤሪ በሚያዘጋጀው «ዘ ሉተናንት» በተባለ ተከታታይ ድራማ አንድ ክፍል ላይ ተጫውታ ነው። ያ ክፍል በአሜሪካ ሠራዊት ውስጥ ስላለው የዘር ጥላቻ የሚናገር ስለነበር ኤንቢሲ የተባለው ጣቢያ በወቅቱ ሳያስተላልፈው ቀረ። የመጀመሪያ የቴሌቪዥን ሥራዋ ለተመልካች ዓይን ሳይበቃ ቀረ ማለት ነው፤ ሮደንቤሪ ግን አልረሳትም።

ሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 «ስታር ትሬክ» በኤንቢሲ መታየት ጀመረ። ታሪኩ የሚፈጸመው ወደፊት በ23ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ኢንተርፕራይዝ በምትባል የጠፈር መርከብ ላይ ከምድርም ከሌላ ዓለምም የተውጣጡ ባለሙያዎች ያገለግላሉ። ኒኮልስ የመርከቧ የመገናኛ ኃላፊ የሆነችውን የሌተና ኡሁራን ገጸ ባሕርይ ተጫወተች። ስሙ የተወሰደው «ኡሁሩ» ከሚለው የስዋሂሊ ቃል ነው፤ ቃሉ «ነፃነት» ማለት እንደሆነ የኬንያን የነፃነት ትግል ዜና ሲከታተል ለኖረ የምሥራቅ አፍሪካ ሰው መንገር አያሻም። የአሜሪካ ተመልካች ግን እስከዚያ ድረስ ጥቁር ሴትን በአብዛኛው በቤት ሠራተኝነት ወይም በዘፋኝነት ብቻ ነበር በቴሌቪዥን የሚያያት። ዳያን ካሮል «ጁልያ» በተባለው ድራማ ነርስ ሆና በመሪ ተዋናይነት ብቅ ያለችው እንኳ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1968 ነው።

በወረቀት ላይ ከሚታየው ይልቅ የሥራ ሁኔታው የከፋ ነበር። ስሟ ከዋነኞቹ ተዋንያን ጋር ቢነሣም፣ ኒኮልስ ትሠራ የነበረው እንደ ሌሎቹ በቋሚ ውል ታስሮላት ሳይሆን በተገኘችበት ቀን ልክ እየተከፈላት እንደነበር ተናግራለች። የድራማው ጽሑፍ ታትሞ ሲመጣ ለእርሷ የተጻፈው ንግግር ብዙ ይሆንና እየታረመ በሄደ ቁጥር እየተቆረጠ፣ ቀረጻው ሲደርስ «የመገናኛ መስመሩ ክፍት ነው፣ ካፒቴን» ከሚለው ብዙም የማይርቅ ነገር ብቻ ይቀርላት ነበር። ከተመልካቾች የሚላክላት ደብዳቤም ሳይደርሳት እንደሚቀር የነገራት የስቱዲዮው የፖስታ ክፍል ሠራተኛ ነው። ብዙ ሰው እየጻፈላት እርሷ ግን የሚያስታውሳት ያለ አይመስላትም ነበር። ከመድረክ የመጣች፣ መዝፈንም መደነስም የምትችል ባለሙያ እንዲህ ባለ ሁኔታ ተስፋ ብትቆርጥ የሚፈረድባት አይደለም። በ1967 የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲጠናቀቅ የብሮድዌይ ቲያትር ጥያቄ ስለቀረበላት፣ አንድ ዓርብ ቀን ሮደንቤሪ ቢሮ ገብታ የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ሰጠችው። እርሱም ቅዳሜና እሑድን አስቢበት አላት።

ቀጥሎ የሆነውን ራሷ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ደጋግማ ተርካዋለች። በዚያው የሳምንት መጨረሻ በቤቨርሊ ሂልስ የጥቁሮች መብት ተሟጋች ማኅበር ባዘጋጀው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ላይ ተጋብዛ ነበር። ከአዘጋጆቹ አንዱ ቀርቦ አድናቂዎ የሆነ ሰው ሊያገኝዎት ይፈልጋል ሲላት፣ የድራማው ወዳጅ የሆነ ወጣት ይሆናል ብላ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ዞር ስትል ወደ እርሷ ፈገግ እያሉ የሚመጡት ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ነበሩ። እርሳቸውና ባለቤታቸው ኮሬታ ልጆቻቸው አምሽተው እንዲያዩ የሚፈቅዱላቸው ብቸኛ ድራማ ይህ መሆኑን ነገሯት። አመስግና፣ ሥራውን ልትለቅ እንደሆነና የሥራ ባልደረቦቿ እንደሚናፍቋት ስትነግራቸው ግን ፈገግታው ከፊታቸው ጠፋ። መልቀቅ አትችይም አሏት። የያዝሽው ቦታ ለጥቁር ተብሎ የተሠራ አይደለም፣ ለሴት ተብሎ የተሠራም አይደለም፣ አንቺ ብትሄጂ ማንንም ሊያስቀምጡበት ይችላሉ፤ በቴሌቪዥን መታየት እንደሚገባን ሆነን ስንታይ ይህ የመጀመሪያው ነው የሚል ነበር የንግግራቸው ፍሬ ነገር።

ሰኞ ወደ ሮደንቤሪ ቢሮ ተመልሳ የሰማችውን ነገረችው። እርሱም እንባው እየመጣ የጠረጴዛውን መሳቢያ ከፍቶ የመልቀቂያ ደብዳቤዋን አወጣ፤ ደብዳቤው ቀድሞ ብጥስጥሱ ወጥቶ ነበር።

ዶክተር ኪንግ ያስተዋሉትን ነገር ጠጋ ብሎ መመልከት ይገባል፤ ምክንያቱም ኒኮልስ ራሷ እስከዚያ ቀን የቆጠረችው የተሰጣትን የንግግር መጠን ነበር። ካሜራው የመርከቧን ማዘዣ ክፍል በሚያሳይበት ጊዜ ሁሉ ከካፒቴኑ ወንበር ጀርባ፣ ቀይ የደንብ ልብስ ለብሳ፣ ብርማውን ማዳመጫ በጆሮዋ ሰክታ፣ ፊቷን ወደ መገናኛ ሰሌዳው መልሳ የምትሠራ ጥቁር ሴት ትታያለች። ለምን እዚያ እንደተቀመጠች የሚያስረዳ ሰው የለም፤ ማስረዳት ያስፈልጋል ብሎ የሚያስብም የለም። አንድ ቃል ሳትተነፍስ ባለፈችበት ክፍል እንኳ ወንበሩ ላይ አለች። ከቺካጎና ከአላባማ፣ ከኒውዮርክና ከዋሽንግተን ሰፈሮች ቴሌቪዥን የሚያዩ ሕፃናት የሚያስቀሩት ንግግሩን ሳይሆን ይህን ምስል ነበር። ኋላ ዝነኛ ተዋናይት የሆነችው ዉፒ ጎልድበርግ በልጅነቷ ድራማውን ስታይ፣ በቴሌቪዥን ላይ ጥቁር ሴት አለች፣ ደግሞም የቤት ሠራተኛ አይደለችም እያለች ቤተሰቧን እየጮኸች መጥራቷን ካደገች በኋላ ተናግራለች።

ስለ ኒኮልስ በተጻፈ ቁጥር ፈጥኖ የሚነሣው ኖቬምበር 22 ቀን 1968 በተላለፈው ክፍል የመርከቧን ካፒቴን ከሚጫወተው ከዊልያም ሻትነር ጋር የተሳሳሙበት ትዕይንት ነው። በአሜሪካ ቴሌቪዥን በጥቁርና በነጭ መካከል የታየ የመጀመሪያው መሳሳም ነው የሚለው አባባል የሚያከራክር ሲሆን ክርክሩም ከዚህ ጽሑፍ ዓላማ ውጭ ነው። ለዘመኑ መለኪያ እንዲሆን ያህል፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥቁርና በነጭ መካከል የሚፈጸም ጋብቻን የሚከለክሉትን የክፍለ ግዛት ሕጎች የሻረው በጁን 1967፣ ይህ ክፍል ከመተላለፉ 17 ወራት ቀደም ብሎ ነበር። ጣቢያው በደቡብ ግዛቶች ያሉ አጋሮቹን ስለፈራ መሳሳም የሌለበት ቅጂም እንዲቀረጽ ተፈልጎ እንደነበርና ሻትነር ሆን ብሎ ያንን ቅጂ እንዳበላሸው ኒኮልስ በ1994 ባሳተመችው ግለ ታሪኳ አስፍራለች።

«ስታር ትሬክ» ሦስት ምዕራፍና 79 ክፍሎች ከተላለፉለት በኋላ በ1969 ቆመ። በድጋሚ መታየት ሲጀምር ግን ከመጀመሪያው የበለጠ ተመልካች አገኘ፤ አድናቂዎቹም በየከተማው ትልልቅ ስብሰባ ማካሄድ ያዙ። የዚህ ጥናት ዋና ጉዳይ የሚጀምረው ከእነዚህ ስብሰባዎች በአንዱ ነው። በ1975 በቺካጎ በተካሄደው ስብሰባ ላይ ጄስኮ ፎን ፑትካመር የተባለው ትውልደ ጀርመናዊ የናሳ መሐንዲስ ስለ ወደፊቱ የጠፈር ጉዞ ንግግር ሲያደርግ ኒኮልስ ከአዳራሹ ተቀምጣ አዳመጠች። በፎቶግራፎቹና በዕቅዶቹ ተመስጣ ሳለች አንድ ነገር ከነከናት፤ በሚታየው ሁሉ ውስጥ የእርሷን ወገን የሚመስል ሰው አልነበረም። የእኔ ሰዎች የት አሉ የሚለው ጥያቄ ከዚያ ቀን በኋላ አልተዋትም። በ1977 መጀመሪያ በዋሽንግተን በጠፈር ጉዳይ ላይ በሚመክር ጉባኤ ንግግር ስታደርግ ይህንኑ ጥያቄ ባለሥልጣናቱ በተቀመጡበት አነሣች። ሴቶችና ጥቁሮች እያመለከቱ በተደጋጋሚ እንደተመለሱና አሁን ማመልከት እንደተዉ ተናገረች።

ናሳ በበኩሉ ችግር ላይ ነበር። በጁላይ 1976 አዲሱን የጠፈር መንኮራኩር የሚያበሩና በውስጡ የሚሠሩ ሰዎችን ለመመልመል ማስታወቂያ አውጥቶ፣ ሴቶችና ከአናሳ ወገኖች የሆኑ ሁሉ እንዲያመለክቱ በግልጽ ጋብዟል፤ የምዝገባው ማብቂያም ጁን 30 ቀን 1977 ነበር። ኒኮልስ እንደተነገራት በዚያን ጊዜ ከገቡት 1,500 ያህል ማመልከቻዎች መካከል የሴቶቹ 100 አይሞሉም፤ ከአናሳ ወገኖች የመጡትም 35 ብቻ ነበሩ። ማስታወቂያው ቢወጣም የሚያምነው አልተገኘም። ለሃያ ዓመት ገደማ ሲዘጋበት የኖረን በር ተከፈተ ቢሉት ማን ፈጥኖ ይገባል?

የናሳ ኃላፊዎች ንግግሯን ከሰሙ በኋላ እንድትረዳቸው ሲጠይቋት የሰጠችው መልስ ይህን ጉዳይ ከተለመደው የታዋቂ ሰው ማስታወቂያ ይለየዋል። ብቁ የሆኑ ሴቶችንና የአናሳ ወገን አባላትን እጅግ በርካታ አድርጌ አመጣላችኋለሁ፤ እነዚያ ሁሉ ከመጡ በኋላ እንደ ቀድሞው ነጭ ወንዶችን ብቻ ብትመርጡ ግን ለምን እንደሆነ በአደባባይ የምጠይቃችሁ እኔ ነኝ አለቻቸው። ስሟን ለመሥሪያ ቤቱ ስታውስ የምትፈልገውን ዋስትና ቀድማ አስቀመጠች። ከዚያም ቀደም ሲል ለወጣቶች ትምህርት ባቋቋመችው «ዊመን ኢን ሞሽን» በተባለው ድርጅቷ ስም ከናሳ ጋር ተዋውላ ሥራውን ጀመረች። የቀራት ጊዜ አራት ወር ገደማ ነበር።

መጀመሪያ ያደረገችው ነገር የምትናገርለትን ሥራ ራሷ ማወቅ ነው። የናሳን ማዕከላት ዞራ ጎበኘች፤ በሂውስተን በሚገኘው የጆንሰን የጠፈር ማዕከል፣ በጨረቃ ላይ ከተራመዱት ሰዎች አንዱ ከሆነው ከአለን ቢን ጋር ሆና የምልመላ ፊልም ቀረጸች። በፊልሙ ላይ የጠፈርተኞች ሰማያዊ ልብስ ለብሳ፣ ፊቷን ወደ ካሜራው አዙራ፣ ለሰው ልጅ ቤተሰብ በሙሉ እንደምትናገርና ሴቶችም አናሳ ወገኖችም እንደሚገኙበት በግልጽ ትገልጻለች። ከዚያ በየዩኒቨርሲቲው፣ በየሙያ ማኅበሩ፣ በየቴሌቪዥንና በየሬድዮ ጣቢያው እየዞረች ስለ ምልመላው አስረዳች። ብዙዎች ያልገባቸው ነገር ነበር፤ አዲሱ መንኮራኩር አብራሪ ብቻ ሳይሆን ሳይንቲስት፣ ሐኪምና መሐንዲስም ይፈልግ ነበር። ሴቶችን ከወታደራዊ የጄት አብራሪነት ያገለለው አሠራር እስከዚያ ድረስ ከጠፈርም አግልሏቸው ቢኖርም፣ ለእነዚህ አዲስ የሥራ መደቦች የጄት በረራ ልምድ አይጠየቅም ነበር። መስፈርቱ ወረቀት ላይ ከተለወጠ ሰንብቷል፤ ለውጡ ለሚመለከተው ሰው ጆሮ እንዲደርስና እንዲታመን ያደረገችው ግን በአብዛኛው እርሷ ናት።

ምዝገባው ሲዘጋ ከ8,000 በላይ ማመልከቻ ገብቶ ነበር። ከእነዚህ የሴቶቹ ከ1,500 ይበልጥ ነበር።

የዚህ ውጤት ባለቤት እርሷ ብቻ ናት ማለት ሚዛናዊ አይሆንም። በ1972 የወጣው የእኩል የሥራ ዕድል ሕግ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ግዴታ ውስጥ አስገብቷል፤ እነ ሩት ቤትስ ሃሪስ ከውስጥ ሆነው ዋጋ ከፍለው የጀመሩት ትግል ነበር፤ በሳይንስ የሠለጠኑ ሴቶችና ጥቁሮች ቁጥርም አድጓል። ሁሉም የ1978 ተመራጮች በእርሷ ጥሪ ያመለከቱ አይደሉም። ነገር ግን እነዚህ ምክንያቶች በሙሉ በ1976ም ነበሩ፤ ማስታወቂያውም ወጥቶ ነበር፤ አመልካቾቹ ግን አልመጡም። ጎድሎ የነበረው እምነት ነው፤ እምነቱን ለማምጣት ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ ደመወዝተኞች ይልቅ፣ ሰዎች በልጅነታቸውና በወጣትነታቸው ማዘዣ ክፍሉ ውስጥ ሲያዩዋት የኖሩት ሴት ትሻል ነበር። የተቆረጠባት ንግግር ብዙ ቢሆንም፣ ወንበሩ ላይ ባሳለፈችው ሦስት ዓመት ያከማቸችው አመኔታ በእነዚያ አራት ወራት ተመነዘረ ብዬ አምናለሁ።

ከተመራጮቹ ሳሊ ራይድ ጁን 18 ቀን 1983 የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት የጠፈር ተጓዥ ሆነች፤ ጋይዮን ብሉፎርድ በዚያው ዓመት ኦገስት 30 የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆኖ ወደ ጠፈር ተነሣ። ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ደግሞ «ቻሌንጀር» የተባለችው መንኮራኩር በተነሣች በ73ኛው ሴኮንድ ተሰባብራ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ከሰባቱ አራቱ፣ ማለትም ዲክ ስኮቢ፣ ጁዲት ሬዝኒክ፣ ሮናልድ ማክኔርና ኤሊሰን ኦኒዙካ፣ የዚያው የ1978 ዙር ተመራጮች ነበሩ። ኑ ብላ ለጠራቻቸው ሰዎች ጥሪው ምን እንዳስከፈለ መዘንጋት አይገባም፤ ኒኮልስም ከዚህ ሐዘን በኋላ ወጣቶችን ወደ ጠፈር ሳይንስ መጋበዟን አላቋረጠችም። በ1992 የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ጠፈርተኛ የሆነችው ሜይ ጄሚሰን በመንኮራኩሯ ውስጥ ተረኛነቷን የምትጀምረው ያንኑ የኡሁራን የመገናኛ መስመር ቃል በመናገር ነበር።

የተዋናይነት ሥራዋ በስድስት የ«ስታር ትሬክ» ሲኒማ ፊልሞች እስከ 1991 ቀጠለ፤ በ1984 ናሳ የሕዝብ አገልግሎት ሽልማት ሰጥቷታል፤ በ1992 በሆሊዉድ የዝነኞች ጎዳና ላይ ኮከብ ተተከለላት። የመጨረሻ ዓመታቷ በመርሳት ሕመምና በንብረት አስተዳደሯ ላይ በተነሣ የፍርድ ቤት ክርክር የተከበቡ ነበሩ። ጁላይ 30 ቀን 2022 በኒው ሜክሲኮ በ89 ዓመቷ አረፈች።

ከ1978ቱ ዝርዝር ውስጥ ስሙ ብዙም የማይነሣ አንድ ሰው አለ። ፍሬድሪክ ግሪጎሪ የአየር ኃይል አብራሪ ነበር፤ ኒኮልስ በቴሌቪዥን ስትጣራ ሲያያት ለእርሱ ለይታ የምትናገር መስሎት እንዳመለከተ ተናግሯል። በ1985 መንኮራኩር ያበረረ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ፤ በ1989 የበረራ አዛዥ ሆነ፤ በ2002 የናሳ ምክትል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። በፌብሩዋሪ 2005 ኃላፊው ሥራቸውን ሲለቁ፣ ተተኪያቸው እስኪሾም ድረስ ለሁለት ወር ያህል በዋሽንግተን በሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤት በኃላፊው ወንበር ተቀምጦ ናሳን የመራው ግሪጎሪ ነው።